ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤንዚን ከየት እንቅዳ? የታወቀው ማደያ፣ ስሙ ያልተለመደው ማደያ እና የመንገድ ዳሩ ሃይላንድ ሲነጻጸሩ

ደሴ ውስጥ መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚምልበት ማደያ አለው። አንዱ «ከቶታል በቀር አልቀዳም» ይላል። ሌላው ኖክ ሲገኝ ብቻ ሙሉ ያስሞላል። ሦስተኛው ደግሞ በቅርብ ዓመታት የተከፈቱትን፣ ስማቸው ገና አፍ ላይ ያልገባውን ማደያዎች አልፎ ለቤንዚን ብሎ ኮምቦልቻ ድረስ ይወርዳል። ጭንቀቱ የሚገባ ነው። ሞተር ውድ ነው፣ መለዋወጫው ከዶላር ጋር አብሮ ይወጣል፣ ቤንዚንም እንደ ድሮው አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ 2014 ዓ.ም 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ሊትር በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል። እንዲህ የሚከፈልበትን ነገር ከየት እንደሚቀዱ ማሰብ ተገቢ ነው።

መልሴን ላስቀድም። በእኛ አገር አሠራር የድርጅቱ ስም የተሻለ ቤንዚን አይገዛላችሁም። ቶታልኢነርጂስ ይሁን ኖክ፣ ኦላ ይሁን የተባበሩት ወይም ትናንት የተከፈተ ማደያ፣ የቤንዚኑ ምንጭ አንድ ነው፤ ዋጋውም በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ነው። ልዩነት የሚፈጥረው የማደያው ታንክ፣ አያያዙና መለኪያው ነው። ሞተራችሁን፣ ኪሳችሁንና ቤታችሁን በእውነት የሚነካው ምርጫ ግን በማደያና መንገድ ዳር በሃይላንድ፣ ማለትም በውሃ ፕላስቲክ፣ በሚሸጠው ቤንዚን መካከል ያለው ነው። ስለዚህ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ቤንዚኑ የሚመጣበት መንገድ

የኮምቦልቻ ሽማግሌዎች የአሰብ ቦቴዎች በባቲ በኩል ሲወጡ ያዩበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ያኔ አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበር። እሱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤንዚናችን ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ገዢው አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት። ኖክ የራሱን መርከብ፣ ቶታል የራሱን መርከብ አያስመጡም። መርከቡ ጅቡቲ ላይ ወደ ተርሚናል ታንኮች ያራግፋል፤ የየድርጅቱ ቦቴዎች ከዚያው ቀድተው በጋላፊ ይገባሉ፤ ሚሌ ላይ ወደ ባቲ የታጠፈው ወደ እኛ ይመጣል። ሁለት ቦቴ ቀለማቸው ቢለያይም የቀዱት ከአንድ ታንክ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ የአከፋፋዩን ማንነት ይናገራል፤ ስለ ውስጡ የሚለው ነገር የለም።

ዋጋውንም ድርጅቶቹ አይወስኑትም። ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በየጊዜው የሚያወጣው ዝርዝር አለ፤ ለየከተማው የተቆረጠው ዋጋ የመጓጓዣውን ወጪ ይዞ ይወጣል፤ የአከፋፋዩና የማደያው የትርፍ ድርሻም በመንግሥት የተወሰነ ነው። ስለዚህ «ርካሽ ማደያ» የሚባል ነገር እዚህ የለም። አንድ ማደያ ከተቆረጠው አስበልጦ ከጠየቃችሁ የተሻለ ነዳጅ ስላለው አይደለም፤ ሕግ እየጣሰ ነው።

የምልክት ለውጥን የታዘበ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ሼል የነበረው ማደያ ኦይል ሊቢያ ሆነ፤ ኦይል ሊቢያ ደግሞ ኦላ ኢነርጂ ተባለ። ቀለም ተቀባ፣ ቦርድ ተቀየረ፤ ቤንዚኑ ያው ከወደብ የሚቀዳው ነበር። የቤንዚኑ ይዘት የተለየበት ጊዜ ቢኖር በ2001 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀመር ነው፤ ኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ያም ቢሆን ልዩነቱ የከተማና የመንግሥት ፕሮግራም ልዩነት ነበር።

ታዲያ ክርክሩ ከየት መጣ?

በአብዛኛው ከአሜሪካ ነው። ዩቲዩብ ላይ መካኒኮች «ስም ያለውን ነዳጅ ቅዱ» ሲሉ የምትሰሙት በዚያ አገር እውነት አለው። እዚያም ቢሆን ዋናው ቤንዚን በጋራ ቧንቧ ይመጣል፤ የተለያዩ ድርጅቶች ነዳጅ በአንድ መስመር ይፈስሳል። ልዩነት የሚፈጠረው ቦቴው በሚሞላበት ማከማቻ ነው፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ማጽጃ ኬሚካል የሚያስጨምረው እዚያ ነው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሁሉም ቤንዚን ዝቅተኛ የማጽጃ መጠን እንዲኖረው አስገድዷል። አውቶሞቢል አምራቾች ይህ መጠን አነሰን ብለው እ.ኤ.አ. በ2004 «ቶፕ ቲር» የሚባል ከፍ ያለ መለኪያ አወጡ፤ ከጀማሪዎቹ መካከል ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ይገኙበታል። ኤኤኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሙከራ፣ መለኪያውን በማያሟላ ቤንዚን የተነዳ ሞተር ከ4,000 ማይል ያህል ሥራ በኋላ ቫልቮላዎቹ ላይ የተጠራቀመው ጥቀርሻ በአማካይ 19 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ አልክደውም። ግን እዚያም ቢሆን ልዩነቱን ያመጣው የተጨመረው ማጽጃ ነው፤ ርካሽ የሚባሉ አንዳንድ ማደያዎችም መለኪያውን ያሟላሉ። ወደ እኛ ሲመጣ ጥያቄው አጭር ነው፦ ማደያው ተጨማሪ ማጽጃ ያለው ቤንዚን እንደሚሸጥ በመቅጃው ላይ በግልጽ ጽፏል? ካልጻፈ ከጎረቤቱ የተለየ ነገር እየሸጠላችሁ ነው ብላችሁ አታስቡ። ማጽጃውን የሚፈልግ ሰው መለዋወጫ ቤት ሄዶ በጠርሙስ ሊገዛ ይችላል። ሲገዛ ማሸጊያው ላይ «ፖሊኢተር አሚን» የሚለውን ንጥረ ነገር ይፈልግ፤ ጥቀርሻ በማጽዳት የታወቀው እሱ ነው። በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ያሏቸው ግን ይህን ይወቁ፦ ቤንዚኑ መግቢያ ቫልቮላውን ስለማይነካው በነዳጅ ውስጥ የተጨመረ ማጽጃ እዚያ ያለውን ጥቀርሻ አያጥበውም።

አንዱ ማደያ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው?

ቦቴው አራግፎ ከሄደ በኋላ ኃላፊነቱ የማደያው ነው። አንድ ምልክት የሰቀሉ ሁለት ማደያዎች ባለቤታቸው ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ታንኩን እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቅ ሌላው ክዳኑን እንኳ በቅጡ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ «የእገሌ ድርጅት ጥሩ ነው» ከማለት «ይቺ ማደያ ጥሩ ናት» ማለት ይሻላል።

እዚህ አገር ከሁሉ በላይ የምፈራው ውሃን ነው። ደሴ ጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። የማደያው ሜዳ ላይ የምታዩአቸው ክብ ክዳኖች የታንኩ አፎች ናቸው። ከመሬቱ ከፍ ብለው፣ ጎማቸው ሳይሰነጠቅ፣ በደንብ የገጠሙ ከሆነ ጥሩ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኩሬ የሚሠራባቸው ከሆነ ግን ውሃው መንገድ ያገኛል። ወደ ማደያ ስትገቡ መጀመሪያ የድርጅቱን ቦርድ ሳይሆን እነዚያን ክዳኖች እዩ።

ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል። የመሳቢያው ቧንቧ ከታንኩ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በተለመደው ጊዜ አይነካውም። ችግሩ የሚመጣው ታንኩ ሲራቆት ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ታንክ የሚራቆተው ዘወትር ነው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ማደያው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይሸጣል፤ ከዚያ ቦቴ ይመጣና ሥር ያለውን ሁሉ አናውጦ ያራግፋል። «ቦቴ እያራገፈ ሳለ አትቅዱ» የሚለው ምክር በመላው ዓለም ይነገራል፤ እውነትም ነው። ግን ሰልፉ ከሸዋ በር ተነስቶ በተጠማዘዘበት ቀን ማን ይተገብረዋል? ቢያንስ ከማደያው ሰው ጋር ተነጋገሩ፤ «ወንድሜ፣ ከተራገፈ ቆየ? ውሃ ተፈትሿል?» በሉት። ማደያዎች መለኪያ ዘንጉ ላይ የሚቀቡት፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት አለ። ሥራውን የሚያውቅ ቀጂ ጥያቄው አይገርመውም፤ መልስ አለው። የሚቆጣ ከሆነ ያም መልስ ነው።

እጥረት ባለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ የነዳጅ ፊልትሮአችሁን መጽሐፉ ከሚለው ጊዜ ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። ለስም ብሎ ኮምቦልቻ ከመመላለስ ይልቅ ይህ ወጪ ሞተሩን ይጠቅማል። ሂሳቡን ተመልከቱ፦ ደርሶ መልሱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ቪትዝ ከ3 ሊትር በላይ ታቃጥልበታለች። በዚያ በታኅሣሥ 2017ቱ ዋጋ ብናሰላው ከ300 ብር በላይ ነው፤ ያውም ያንኑ ቤንዚን ለማምጣት። ለሌላ ጉዳይ ከወረዳችሁ ግን እዚያው ቅዱ፤ የሚያሳስብ ነገር የለውም።

ስለ መለኪያው። በዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ መስፈርት የመቅጃ ማሽን የሚፈቀድለት ስህተት 0.5 በመቶ ነው፤ በ20 ሊትር ላይ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የጎደለ ሊስተካከል ይገባዋል። በዓይን መፍረድ አይቻልም፤ የተረጋገጠ የ20 ሊትር መስፈሪያ ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ማደያው ካለው በፊታችሁ እንዲሰፈር መጠየቅ ትችላላችሁ። በራሳችሁ የምትይዙት መረጃም አለ። ማሽኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ሳታዩ አታስቀዱ። በቴሌብር ስትከፍሉ የሚመጣውን መልእክት አታጥፉ፤ ቀኑና ገንዘቡ እዚያ አለ፤ ሊትሩን ከማሽኑ አንብባችሁ አብራችሁ መዝግቡ። ታንኩ 42 ሊትር በሚይዝ መኪና 48 ሊትር ገባ ከተባለ ክርክር አያሻውም። አንድ ማደያ ውስጥ እንኳ ሁለቱ መቅጃዎች እኩል ላይሰፍሩ ይችላሉና የትኛው ላይ እንደቀዳችሁ አስታውሱ። በጠዋት ብርድ መቅዳት ያተርፋል የሚባለውን ግን እርሱት፤ ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 በመቶ ገደማ ቢሰፋም መሬት ውስጥ ያለው ታንክ ሙቀት በጠዋትና በቀትር መካከል እምብዛም አይለወጥም።

የትልቅ ድርጅት ጥቅም ፈጽሞ የለም አልልም። ብዙ ቦቴና ብዙ ማደያ ያለው ድርጅት መንገድ ሲከፈት ቶሎ ሊያደርስ ይችላል፤ ቅሬታ ሲኖራችሁም ከማደያው ባለቤት በላይ የምትሄዱበት መሥሪያ ቤት አለው። እኔ በሁለት ማደያዎች መካከል ስመርጥ ግን ክዳኑ ደረቅ የሆነውን፣ ቀጂው ማሽኑን ዜሮ አድርጎ የሚያሳየውን፣ ከቤቴም የሚቀርበውን እመርጣለሁ። ከእነዚህ በኋላ ነው ስሙን የማየው።

ሐረጎ ላይ የደከመ መኪና

ኮምቦልቻ ቀድቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው በመሐል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ መኪናው ከለገመበት ወዲያው ቤንዚኑን ይከሳል። ከመክሰሱ በፊት ከፍታውን ያስብ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ከየትም ይቀዳ። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ይበዛባቸዋል፤ ካንዴላቸው ይጠቁራል፣ ይሸታሉ። ያ የማስተካከያ ጉዳይ ነው።

ከፍታው የሚሰጠን ነገርም አለ። አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ሞተሩ የማንኳኳት ዝንባሌው ይቀንሳል፤ የሚፈልገው የኦክቴን ቁጥርም (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ) ዝቅ ይላል። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ዝቅ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚነዳ ሰው «ሃይ ኦክቴን» የሚል ማስታወቂያ ቢያይ፣ ወይም ኦክቴን ከፍ ያደርጋል የሚባል ጠርሙስ ቢቀርብለት፣ ገንዘቡን ይያዝ። የቶዮታ ትናንሽ ሞተሮች የተሠሩት ለተራው ቤንዚን ነው። ቱርቦ ያላቸውና ከፍተኛ ኦክቴን እንዲጠቀሙ በመጽሐፋቸው የታዘዙ መኪኖች ብቻ ለብቻቸው ይታያሉ።

መኪናው ቀድሞ በደንብ ይወጣው የነበረውን ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ ከቀዳ በኋላ እያንኳኳ ከወጣ ግን ነዳጁን መጠርጠር ልክ ነው። ይህ ወደ ዋናው ጉዳይ ያመጣናል።

ሃይላንዱ

ማደያ ሲዘጋ ሃይላንዶቹ መንገድ ዳር ይወጣሉ። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ የዕለት ገቢውን ሰልፍ ላይ ሊያሳልፍ አይችልም፤ ታማሚ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ሰውም አይጠብቅም። ማንንም መውቀስ አልፈልግም። ግን የሚገዛውን ነገር አውቆ ይግዛ።

መጀመሪያ ዋጋው። እንበልና ሁለት ሊትር የተባለ ሃይላንድ በ300 ብር ተሸጠላችሁ። ሊትሩ 150 ብር መሰላችሁ። ጠርሙሱ ግን አንገቱ ድረስ አልሞላም፤ ውስጡ ያለው 1.8 ሊትር ነው። እውነተኛው ዋጋ 166 ብር ከ67 ሳንቲም ሆነ። ማደያ ላይ ለ100 ሚሊ ሊትር የሚሟገት ሰው እዚህ በአንድ ጠርሙስ 200 ሚሊ ሊትር አጥቶ ዝም ይላል።

ቀጥሎ ይዘቱ። በታኅሣሥ 2017ቱ የአዲስ አበባ ዋጋ ቤንዚን 101 ብር ከ47፣ ነጭ ጋዝ 98 ብር ከ98 ነበር። በሊትር ልዩነቱ 2 ብር ከ49 ሳንቲም ብቻ ነው። ለዚህች ትርፍ ብሎ ፈቃዱን አደጋ ላይ ጥሎ ነጭ ጋዝ የሚቀላቅል የማደያ ባለቤት ስሌቱ አይገባኝም። የመንገድ ዳሩ ሻጭ ግን ቤንዚኑን ከዚያ በእጅጉ አስበልጦ ስለሚሸጥ የሚጨምራት እያንዳንዷ ብርጭቆ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ብዙ ታተርፈዋለች። ፈቃድ የለው፣ ማሽን የለው፣ ነገ እዚያው ቦታ ላይገኝም ይችላል። ሁሉም ሻጭ ይቀላቅላል አልልም፤ የሚቀላቅለውን ግን የሚያቆመው ነገር የለም።

ነጭ ጋዝ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ የኦክቴን ቁጥሩ ይወርዳል። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ያንኳኳል፤ በደሴ የጠዋት ብርድ አልነሳም ይላል፤ ይጨሳል። የማይተነው ክፍል የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። ይህ ጉዳት ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ከሃይላንዱ ጋር አያያይዘውም፤ ወራት ቆይቶ ሞተር ሲፈታ የመኪናው እርጅና ይባላል። ውሃ ከሆነ ግን ወዲያው ይታወቃል፦ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞ አይጠብቅም፣ ይጠፋል።

ዕቃውም ራሱ ችግር ነው። የውሃ ፕላስቲክ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ክዳኑ ያስተነፍሳል። ፀሐይ ላይ ሲውል ቶሎ የሚተነው ክፍል ይሄዳል፤ ጠዋት ሞተር የሚያስነሳው ደግሞ ያ ክፍል ነው። ቢጫው የዘይት ጄሪካን የዘይት ቅሪት ይይዛል። በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ መቅዳት ቆሻሻ ያስቀራል፤ ውሃ ግን አያስቀርም።

ከሞተሩ ሁሉ በላይ ግን ቤቱ ያሳስበኛል። ነገ ይጠፋል ብሎ በሃይላንድና በጄሪካን አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ የእኛ ቤት ብርድ ለእሱ ብርድ አይደለም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። የከሰል ምድጃ የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው፤ ቡና የሚፈላው ወለል ላይ ነው፤ ሕፃናት የሚጫወቱትም ወለል ላይ ነው። እሳቱ ጠርሙሱ ጋ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ትነቱ ራሱ ወደ እሳቱ ይሄዳል። እባካችሁ፣ ቤንዚን የሰው ማደሪያ ውስጥ አታስቀምጡ። የግድ ከሆነ ለነዳጅ በተሠራ ጄሪካን፣ ከመኖሪያ ቤት ውጪ፣ ጥላ ባለውና አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን።

ቤንዚንን በቱቦ በአፍ መሳብም እንዲሁ መቆም አለበት። ቤንዚን ወደ ሳንባ ትንሽ እንኳ ቢገባ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያመጣል። የዋጠ ሰው ካጋጠማችሁ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላልና በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዱት። በእጅ የምትጨመቅ መሳቢያ ይህን ሁሉ ታስቀራለች።

ሕጉንም እወቁ። በ2017 ዓ.ም የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከተፈቀደለት ማደያ ውጪ መሸጥንና ባዕድ ነገር መቀላቀልን የሚያስቀጣ አድርጎታል። ከመንገድ ዳር ገዝቶ የተጎዳ ሰው የሚከስበት ደረሰኝ የለውም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ማደያ ዘግቶ የሚያጣድፍ ጉዳይ ከሌለ መኪናው ይቁም፤ በታክሲ መሄድ ይረክሳል። የግድ የሆነበት ሰው ግን ጥቂት ይግዛ፣ በቀን ብርሃን ይግዛ፣ ሳይፈትሽ ታንኩ ውስጥ አይጨምር።

እንዴት እንደሚፈተሽ

ከእሳትና ከሲጋራ ራቅ ብላችሁ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ካለበት ቅባታም ክብ ይቀራል። ለውሃ ደግሞ ግልጽ የሆነ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ቀድታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትነኩ ተዉት፤ ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። መመዘንም ይቻላል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ720 እስከ 775 ግራም ነው፣ ነጭ ጋዝ ከዚያ በላይ ነው፤ ግን አንድ አሥረኛ የተቀላቀለበትን የሱቅ ሚዛን ስለማይለየው ከወረቀቱ በላይ አትመኑት። ማሽተትና በጣት መንካት አያዋጣም፤ ነጭ ጋዝ በትንሹ ሲገባ አፍንጫ አይለየውም።

መጥፎ ነዳጅ ታንክ ውስጥ ከገባ በኋላ ከነቃችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ «ይለቅ ይሆናል» ብላችሁ ደጋግማችሁ አታስነሱት፤ በእያንዳንዱ ማስነሳት ፖምፓው ውሃውን ወደ ኢንጀክተሮቹ ይገፋዋል። መኪናው ይጎተት፤ ታንኩ ይራገፍ፤ ፊልትሮው ይቀየር። ከተራገፈው ላይ አንድ የመስታወት ጠርሙስ ሙሉ ናሙና አስቀሩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የማደያውን ቦታ ጻፉበት። የቴሌብሩን መልእክትና የጋራዡን ደረሰኝ አያይዛችሁ መጀመሪያ ለማደያው ኃላፊ፣ ካልተመለሰላችሁ ለከተማው ንግድ መምሪያ አቅርቡ፤ የዘርፉ ተቆጣጣሪ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። በዚያው ሰዓት ከዚያው መቅጃ የቀዳ ሌላ ሰው ካገኛችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ አንድ መኪና ሲቆም የመኪናው ችግር ነው ይባላል፣ ሦስት መኪና ሲቆም ግን ታንኩ ይከፈታል።